አያቴ ባላባት የሆነበት ዘመን

አያቴ ሲሞት “የካፋ ባላባት አለቀ” ተብሎ ተለቀሰ። ባላባትነታችንን አባቴም ታላቅ እህቱም ጠንቅቀው ይዘውታል። አክስቴ ቦንጋ ገበያ በቲማቲም ስትከራከር እንኳን “የማን ልጅ መሰልኩሽ?” ትላለች። አባቴ ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ ተጣብቆ ሲሄድ አንገቱን የሚያቀናው በቅሎ ላይ እንዳለ ሰው ነው።

በሰልስቱ ቀን አንድ ሽማግሌ ለማጽናናት ብለው “ማንኪራ ያለው የቡና መሬት ለሁለቱ ልጆች ይበቃል” አሉ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

“የአባቴ ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ይሄ የበቅሎ ጠባቂው ልጅ ነው! ልጆች ሆነን ማንኪራ ሰው እንዲያ ብሎ ሲጠራው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ካላመናችሁ እግሩን እዩት!”

ድንኳኑ በሙሉ የአባቴን እግር አየ። አባቴ እግሩን አግዳሚው ስር ከተተ፤ እኔም ሳላስበው የራሴን ሸሸግሁ።

አክስቴ በዚያ አላበቃችም። አባቴ ወራሽ እንዳይባል ፍርድ ቤት መቃወሚያ አስገባች። አባቴም በስም ማጥፋት ሊከሳት ጸሐፊ ሆኜ የምሠራበት የጠበቃ ቢሮ መጣ።

“‘ክቡር ደሜን አዋርዳ’ ብለሽ ጻፊ።”

“አባዬ፣ ክስ ላይ እንዲህ አይጻፍም።”

“የተሰደበው ደማችን ነው፤ ጻፊው!”

የእናቱም ስም አብሮ መጥፋቱን ሳስታውሰው ትንሽ አሰበና “እሱንም ጨምሪው” አለኝ።

ሁለቱም የቆጠሩት ምስክር አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ በንጉሡ ጊዜ በባላባቱ ቤት ወጥ ቤት የነበሩ የማንኪራ አሮጊት። በቀጠሮው ቀን ከባጃጅ ሲወርዱ አንድ ክንዳቸውን አባቴ፣ ሌላውን አክስቴ ደግፈው አስገቧቸው።

ዳኛዋ ወደ አባቴ እያመለከተች “እማማ፣ የዚህ ሰው አባት ማን ነው?” አለቻቸው።

“የበቅሎ ጠባቂው ነዋ።”

አክስቴ ፈገግ አለች። አባቴ ፊቱ ዓመድ መሰለ።

“የእሷስ አባት?”

“ያው እሱ ነው።”

“እሱ ማን?”

“አሁን የቀበሩት! ሁለቱንም ያዋለድኩት እኔ ነኝ። አባታቸው የባላባቱ በቅሎ ጠባቂ ነበር። ባላባቱ ሲሞቱ ካባቸው ለእሱ ደረሰው። በደርግ ጊዜ ባላባት መባል ያሳስር ስለነበር ቆጥ ላይ ደበቀው። ደርግ ሲወድቅ ለበሰውና ቦንጋ ገባ። እዚህ ማን ያውቀዋል? ካባ አለው፣ ባላባት አሉት። ለልጆቹም ‘ባላባት መሆኔን ፈርቼ ነው የደበቅኋችሁ’ አላቸው።”

አክስቴ ብድግ ብላ “ይሄ ስም ማጥፋት ነው!” ብላ ጮኸች። አባቴም ከጎኗ ቆሞ “በጠራራ ፀሐይ!” አለ። ከድንኳኑ ቀን ወዲህ በአንድ ወገን ሲቆሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ዳኛዋ ፋይሉን አፏ ላይ ይዛ ቆየች። ሳቋን ስትጨርስ ሕጉ የሚጠይቀው ልጅነትን እንጂ ባላባትነትን አለመሆኑን ነገረቻቸው፤ ሁለቱም ወራሾች ተባሉ። አባቴ ክሱን አነሳ። መሬቱንም ሽማግሌዎች በገመድ ለክተው እኩል አካፈሏቸው።

በሳምንቱ ሁለቱም ተያይዘው ቢሮዬ መጡ። አሮጊቷን ሊከሱ ነው።

“አልጽፍም” አልኳቸው።

“የአባትሽን ቃል ልትጥሺ?” አለ አባቴ።

“እትዬ ትጻፈው” አልኩ ወደ አክስቴ እያየሁ። ሁለቱም አኩርፈው ወጡ፤ ክሱም በዚያው ቀረ።

እኔ ግን አያቴን የወደድኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በሕይወቱ ሳለ ስለ ዘራችን ሲያወራ እያዛጋሁ ነበር የማዳምጠው። አንድ ካባ ለብሶ ከተማውን ሙሉ ያሳመነ ሰው መሆኑን ባውቅ ኖሮ እግሩ ስር ቁጭ ብዬ እጠይቀው ነበር።

ስኳር ይዤ ማንኪራ አሮጊቷ ዘንድ ሄድኩ።

“ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?” አልኳቸው።

“ማን ጠየቀኝ?” አሉና ስኳሩን ተቀበሉኝ። “ደግሞ ካባው ከጌታችን ከባላባቱ ይልቅ ለእሱ ያምርበት ነበር።”