የጋሽ እንድሪስ ካራ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስታጸዳ በጨርቅ የተጠቀለለ ካራ አገኘች። «ዳዲ፣ ይሄ ራስቲ ነው፣ ዝጓል፤ ልጣለው?» አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኳት። ደነገጠች፤ እኔም አፈርኩ።

ካራው የጋሽ እንድሪስ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ እዚሁ በስደት አገር፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ የሐላል ሥጋ ቤት አብረን እንሠራ ነበር። እሳቸው ካራቸውን ከወሎ ይዘው መጥተዋል፤ እኔ ደግሞ ስለ ብረት የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የሱቁ ቢላ አይዝግም፣ ግን ቶሎ ይደነዝዛል። እኔ የገዛሁት የጃፓን ቢላ ስለቱን ብዙ ቀን ይይዛል፣ አጥንት ሲነካ ግን ይሸረፋል። የእሳቸው ካራ ውሃ ካየ ይዝጋል፤ ድንጋይ ላይ ጥቂት ካሹት ግን ምላጭ ነው።

«ያንተው ኩሩ ነው፣ የሱቁ ሰነፍ» ይሉኝ ነበር። «የኔው አኩራፊ ነው፤ ከያዙት ግን አያሳፍርም።»

በአረፋ ዋዜማ ካራውን ሰጡኝና «በድንጋይ ሳልልኝ፣ ቀስ ብለህ» አሉኝ። እኔ ቸኮልኩ። የኤሌክትሪክ መሳያው ላይ ስጫነው ጠርዙ ግሎ ሰማያዊ ሆነ። ብረት እንዲያ ሲሆን ጥንካሬው እንደሚሞት አውቃለሁ። ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አጠፋሁትና ምንም ሳልነግራቸው ካራውን መለስኩላቸው።

በማግስቱ ኩን ራፒድስ ከምትባል ከተማ ወዲያ ወዳለ እርሻ ሄድን። ዙሪያው በረዶ ነበር። መንገድ ላይ ከፔርሙዝ ዝንጅብል ሻይ እየቀዱልኝ፣ በዕድሜያቸው አንድም በግ አሠቃይተው እንደማያውቁ አጫወቱኝ።

«ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» ብለው ካራውን አሳረፉ። አልቆረጠም። ሁለቴ፣ ሦስቴ መለሱት፤ በጉ ተንፈራገጠ። ሌላ ሰው በሌላ ቢላ ፈጸመላቸው።

«እጄ ከዳኝ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ መዳፋቸውን እያዩ።

«ብርዱ ነው ጋሼ» አልኩ።

«አይደለም፣ እርጅና ነው። ከእንግዲህ ይብቃኝ።» ካራውን ለእኔ ሰጡኝ። ጉበቱ ሲጠበስም አልቀመሱም።

የሚቀጥለውን አረፋ ሳያዩ ሞቱ። ከቀብራቸው በኋላ ካራውን ድንጋይ ላይ ቀናት ሙሉ አሸሁት። የተቃጠለው ጠርዝ አልቆ ደህናው ብረት ወጣ፤ የክንዴን ፀጉር ላጨልኝ። አለቀስኩና በጨርቅ ጠቅልዬ ደበቅኩት።

ይህን ለልጄ ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«ሶሪ አላልካቸውም?» አለች።

«አላልኳቸውም።»

ዝገቱን በዘይት ማሸት ጀመርኩ። ጋሽ እንድሪስ እጃቸው እንደከዳቸው አምነው ነው የሄዱት።