የአባባ ቄጤማ

ዛሬ ቅዳም ሹር ነው። ትንሿ ልጄ ቄጤማዋን ግንባሯ ላይ አስራ ስታቅፈኝ፣ የእርጥቡ ሽታ ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

አባባ የምላቸው አያቴ ታመው ተኝተዋል። "የእኔንም ከቄሱ ተቀበይልኝ" ብለው ላኩኝ። ስመለስ አሰላ ገበያ አጠገብ የቆመ የጋሪ ፈረስ አንገቱን ሰገግ ሲያደርግልኝ ጊዜ፣ የሳቸውን አበላሁት። የራሴን ግንባሬ ላይ እንዳሰርኩ ገብቼ፣ "አልቆ ነበር፣ አባባ" ብዬ ዋሸኋቸው።

ባዶ ግንባራቸውን ዳበስ አድርገው "ምንም አይደል ልጄ፣ ለከርሞ ታመጪልኛለሽ" አሉኝ።

ለዳግማይ ትንሣኤ እንኳን አልደረሱም።

ይኸው እስከ ዛሬ ከቄሱ እጅ ሁለት እቀበላለሁ።

"እማዬ፣ ይሄኛው የማነው?" አለችኝ ልጄ።

"የፈረሱ" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች።