የመላእክት ግንብ

ከሰቆጣ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬአለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ከዓረብ አገር የተመለሰ ወጣት ስልኩ ላይ የግብፅን ፒራሚድ እያሳየ፣ «ይህን ሰው አልሠራውም፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው» ይላል። ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩ ግንበኛ ነኝ።

«ሰው ነው የሠራው» አልኩት። «አፈር ትደለድላለህ፣ እንጨት ታነጥፋለህ፣ በገመድ ትጎትታለህ። ወገብህ ይጎብጣል እንጂ ድንጋዩ ይወጣል።»

«ይህን የሚያህል ድንጋይ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይባስ ተናድጄ ከኋላችን ወደተቀመጡት የደብራችን ቄስ ዞርኩ። «አባ፣ እስቲ ይፍረዱን።»

«ልጁ ልክ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግንብስ? ያንን ድንጋይ ሰው አላነሳውም፤ መላእክት ናቸው የሠሩት።»

ተሳፋሪው ሁሉ አማተበ።

ያንን ግንብ የገነባሁት እኔ ነኝ። የግራ አውራ ጣቴም እዚያው ድንጋይ ሥር ቀርቷል። ጎዶሎ እጄን ፊታቸው ደቅኜ፣ «አባ፣ የመልአክ ጣት ይቆረጣል እንዴ?» አልኳቸው።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አውቃለሁ ልጄ። ከወንዝ ድንጋይ ተሸክሜ ያቀበልኩህ እኔ አይደለሁ? ግን አንተ ሠራኸው ካልን ማን መጥቶ ይሳለመዋል?»