ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ፒያኖ

የፒያኖ መምህሯ በልጅነቷ የተማረችው በእርሳስ እየተመታች ነው። ያስተማሯት ሴትዮ የጣቷን አንጓ ጠቅ እያደረጉ «ጆሮ ያታልላል፤ ጣት ግን የለመደውን አይረሳም» ይሏት ነበር። በሙዚቃ ትምህርት ቤትም በዚሁ መንገድ ተገርታ፣ ከባባዶቹን ድርሰቶች ዓይኗን ጨፍና እስከ መጫወት ደረሰች። ስትመረቅ እጇ የተካነ፣ ልቧ ግን የበረገገ ነበር። ስለዚህ በተራዋ ማስተማር ስትጀምር ነገሩን ገለበጠችው። የማንንም ልጅ ጣት ነክታ አታውቅም። እሷ ዘንድ የመጣ ተማሪ ሁሉ ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ድምፁን ይዘፍናል። «መጀመሪያ ዝፈኚው፣ ከዚያ ፈልጊው። ጣትሽና ጆሮሽ ከተጣሉ ለጆሮሽ ፍረጂ» ትላለች።

ባሏ ፒያኖ ቃኚ ነበር። የሳሎኑን እኩሌታ የያዘውን አሮጌ ፒያኖ ከአንድ የተዘጋ ሆቴል ያመጣው እሱ ነው፤ «ካንቺ በፊት ያገባሁት እሱን ነው» እያለ ያበሽቃት ነበር። ሕመሙ አልጋ ላይ ሳይጥለው በፊት፣ የክሮቹ ብሎኖች የተተከሉበት እንጨት መሰንጠቁን አየ። ክሮቹን እስከ ልካቸው ቢወጥር እንጨቱ ብሎኖቹን አይይዝም። እናም ክሮቹን በሙሉ ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም የአንድ ቁልፍ ያህል፣ ዝቅ አድርጎ ቃኛቸው።

«እኔም እሱም አርጅተናል፤ ትንሽ ጎንበስ ብለን እንኑር» አላት።

እሱ ሞተ፤ ፒያኖው እንዳጎነበሰ ቀረ። ሌላ ቃኚ መጥቶ እንጨቱን ልቀይረው ቢላት ከደጅ መለሰችው። የባሏ እጅ በቤቱ ውስጥ የቀረው እነዚያ ክሮች ላይ ብቻ ነበር። ብሎኖቹን የሚያዞረውን መቃኛውን ራሷ ይዛ፣ እሱ ባቆመበት ልክ ትጠብቀው ጀመር።

ከእህቷ ሞት በኋላ ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ ከዚያ ሌላ ፒያኖ አታውቅም። ሟቹ በቀልድ ቅጽል ስም ሲያወጣላት «ጆሮ ጠቢ» ብሏታል፤ ገና ድክ ድክ ስትል የበሩን ሲጥታና የማንቆርቆሪያውን ፉጨት እየሰማች «ይሄ ሚ ነው፣ ያ ሶል» ትል ነበርና። አንድ ቀን ሬዲዮ እየሰማች ፊቷን አጨፈገገች።

«አክስቴ፣ ይሄ ሬዲዮ ተበላሽቷል። ሁሉን ነገር ወደ ላይ ጎትቶ ነው የሚጫወተው።»

«ዝጊው እንግዲያ!» አለቻት መምህሯ እየሳቀች።

መንገር የነበረባት ያኔ ነበር። መንገር ግን እንጨቱን ማስቀየር ማለት ሆነባትና ነገሩን ዋጥ አደረገችው።

የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የመግቢያ ፈተና ደረሰ። ልጅቷ የዕድሜው ገደብ ሊያልፋት ስለሆነ ዘንድሮ ካላለፈች ሌላ ዕድል የላትም። እሷ ወደ ፈተናው ክፍል ስትገባ አክስቷ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጣቶቿ ሳታውቀው ጉልበቷ ላይ መሮጥ ጀመሩ።

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ አያት። «እትዬ፣ የሚፈተኑት እርስዎ ነዎት እንዴ? ጉልበትዎን ጨረሱት እኮ!»

«ምነው እኔን ባደረገኝ!»

የመጀመሪያው ድምፅ ተሰማ። ጥርት ያለ፣ ልክ የሆነ ድምፅ ነበር። ከዚያ ዝም። እንደገና ያው ድምፅ፣ እንደገና ዝም። መምህሯ ነገሩ ገባት። ልጅቷ ትክክለኛውን ቁልፍ ነክታ የማታውቀውን ድምፅ ሰምታለች፤ ተሳሳትኩ ብላለች። ቀጥሎ የሚመጣውን መምህሯ ሳይመጣ አወቀችው። ልጅቷ እንደተማረችው ለጆሮዋ ፈረደች። እጇን አንድ ቁልፍ ወደ ግራ አሸሸችና የቤቷን ድምፅ አገኘችው፤ በዚያ መንገድ ግን ጣቷ ሄዶ አያውቅም። ጥቁሩና ነጩ ቁልፍ ተለዋወጠባት። ዜማው ተደናቀፈ፣ ቆመ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ።

መምህሯ ብድግ አለች።

«እናቴ፣ መግባት አይቻልም።»

«አንድ ቃል ብቻ ልንገራት።»

«አንድ ቃልም ቢሆን ያሰርዝባታል። ይቀመጡ፣ በሞቴ።»

ምላሷ ላይ የነበረው የእኒያ እርሳስ የሚይዙት ሴትዮ ቃል ነበር፤ ጆሮሽን አትስሚ፣ ጣትሽን እመኚ። መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

ልጅቷ ስትወጣ አላለቀሰችም፤ ግራ ገብቷት ነበር።

«አክስቴ፣ ፒያኗቸው ተበላሽቷል። እንዴት አንድ ሰው አይነግራቸውም? ሌሎቹ ልጆችስ እንዴት ቻሉት?»

«የተበላሸው የኛው ነው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ቀልድ መሰላትና ሳቀች። ቀና ብላ የአክስቷን ፊት ስታየው ሳቋ ጠፋ።

«ጋሼ የቃኘው?»

አክስቷ እጇን ይዛ የቤታቸውን መንገድ ጀመረች።

ቤት ሲደርሱ መምህሯ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የፒያኖውን ክዳን ከፈተችና መቃኛውን የ«ላ» ክር ብሎን ላይ ሰካች። ሳበችው። እንጨቱ ሲጥ አለ። በሌላ እጇ ቁልፉን እየነካካች ትንሽ ጨመረች፤ ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ የዓለም ሁሉ «ላ» የሚገኝበት ደረሰ።

ልጅቷ ጆሮዋን ያዘች። «አክስቴ፣ ተይው! እያበላሸሽው ነው!»

መምህሯ መቃኛውን ለቀቀች። ብሎኑ በተሰነጠቀው እንጨት ውስጥ ራሱን እያዞረ፣ ክሩ ቀስ በቀስ ላላ። ቁልፉን ስትነካው ድምፁ ወርዷል፤ ስትደግመው ባሏ ከተወበት አካባቢ ደርሷል።

«እሰይ» አለች ልጅቷ፣ እጇን ከጆሮዋ እያወረደች። «ተመለሰልን።»