የተረገጠችው ኳስ

ባልንጀራዬን ጎልፍ ሜዳ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ቅናቴ የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ግብፅ ውስጥ፣ ቡላቅ አል-ዳክሩር በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን ስንኖር እሱ ሥራ አጥቶ ግድግዳ ሲያይ ይውል ነበር። እኔ ከከተማው ዳር፣ በረሃው ጫፍ ላይ ባለ ሜዳ የተጫዋቾችን ዱላ እሸከማለሁ፤ ካዲ ይሉናል። አሳዘነኝና ይዤው ሄድኩ። ተጫዋቹ ሊመታ ሲል አትንቀሳቀስ፣ ጥላህ ኳሱ በሚሄድበት መስመር ላይ አይውደቅ፣ አሸዋ ከረገጥክ ዱካህን አጥፋ እያልኩ አንድ በአንድ አስተማርኩት።

በዓመቱ በለጠኝ። ሰው ይወደዋል፣ ምን ይደረግ። እኔ አራት ዓመት የተመላለስኩበት በር ላይ ዘበኛው አሁንም መታወቂያ ይጠይቀኛል፤ እሱን ግን ከሩቅ «ያ ሐቢቢ!» ብሎ ይቀበለዋል። ፈገግታው ራሱ ያናድደኝ ጀመር።

የባለሙያዎች ውድድር ሲደርስ አንድ ስመ ጥር ግብፃዊ ተጫዋች ካዲው ታመመበትና ከመሐላችን ሰው መረጠ። እሱን መረጠ። ጭራሽ «ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ከገባሁ ውድድር ባለበት ሁሉ አንተን ይዤ ነው የምዞረው» አለው። ለእኔ ደግሞ ትንሽ ባንዲራ ሰጡኝና ሣሩ ረጅም የሆነበት ጥግ ቆሜ ኳስ የት እንደወደቀ እንዳሳይ አደረጉኝ። ጠዋት ማይክሮባስ ውስጥ የካዲዎቹን ነጭ ሰደርያ እንዳይጨማደድ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲይዝ አይቼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

በመጨረሻው ቀን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ኳስ የሚገባባቸው ሁለት ጉድጓዶች ብቻ ሲቀሩ፣ ተጫዋቹ ለጥቂት አምስተኛ ነበር። የመታት ኳስ እኔ የቆምኩበት ሣር ውስጥ ገባች። ለፍለጋ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ባልንጀራዬ እየሮጠ መጥቶ ሣሩን በእግሩ ይዳብስ ጀመር። እግሩን ሲያነሳ ኳሷ ከሥሩ ታየች። ረግጦ ጭቃው ውስጥ ቀብሯታል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አገኘኋት!» አለ ለተጫዋቹ። ሌላ አልጨመረም።

እኛ ሕጉን የተማርነው ከቀደሙት ካዲዎች አፍ ነው። መጽሐፉን ገልጦ ያነበበ አንድም የለም። እነሱ ያሉን፣ ካዲ የጌታውን ኳስ ከረገጠ ጌታው አንድ ምት ይቀጣል ነው። ጎልፍ በጥቂት ምት የጨረሰ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነውና፣ ያን ቀን አንድ ምት ቢጨመርበት ከአምስቱ መውጣቱ ነበር፤ የባልንጀራዬም ሥራ እዚያው ያበቃል።

ተጫዋቹ ዱላውን መዝዞ ሲጠጋ ባንዲራዬን አውለበለብኩና ዳኛውን ጠራሁ። ለእውነት ብዬ አይደለም። እውነት ለክፋቴ ተመችታ ስላገኘኋት ነው።

«ረግጧታል» አልኩ በጣቴ እያሳየሁ።

ዳኛው ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ባልንጀራዬን ጠየቀው። «አዎ፣ ሳላያት ረገጥኳት» አለ በተሰበረ ድምፅ። የምትጨመረዋን ምት ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ።

«ማሌሽ፣ ችግር የለም» አለ ዳኛው። «ሲፈልግ ሳያስበው ከነካት ቅጣት የለውም። ሕጉ ከተለወጠ ቆየ እኮ። ኳሷን ወደነበረችበት፣ እንደነበረችው አድርጋችሁ መልሱ። እዚህ እንዳለች ቢመታት ኖሮ ግን ሁለት ምት ይቀጣ ነበር።»

አብሮ የሚጫወተው ሰው ተቆጣ። «ያዕኒ፣ ማለትም ቀብረው ሲያበቁ አውጥተው ያሳምሩለት? ይሄ ነው ፍትሕ?» በሆዴ አበጀህ አልኩት፤ እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ዳኛው «ኸላስ፣ አለቀ» ብሎ እጁን አወዛወዘ። ኳሷ ከጭቃው ወጥታ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ተጫዋቹ አሳምሮ መታት፤ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይላሉ። እኔ አርቄ ቆፈርኩ፣ ለሱ ውሃ ወጣለት።

ስንወጣ በሩ ላይ አቅፎኝ አለቀሰ።

«አፌ ተሳስሮብኝ ነበር እኮ፤ ቅጣት ያለው መስሎኝ። አንተ ባትናገር በእኔ ዝምታ ሁለት ምት ይገባበት ነበር። ወንድም ማለት እንዳንተ ነው፣ ከውሸት የሚያወጣ!»

«ምን አደረግኩና» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስንት ውሸት ከአፌ ቢወጣም ይህቺ ከውሸት አትቆጠርብኝም፤ ልክ ነበርኩ፣ ምንም አላደረግኩለትም።

አሁን ከተጫዋቹ ጋር ከእስክንድርያ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይዞራል። በተመለሰ ቁጥር ዶቂ ሰፈር ካሉ ሐበሾች ጋር ስንቀመጥ ያንኑ ታሪክ ያወራል፤ ሰዉ ሁሉ በአድናቆት ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔ ሻይዬን አማስላለሁ። ብዙ ጊዜ እውነቱን ልነግረው ተነስቼ ተመልሻለሁ። የምፈራው ቁጣውን አይደለም። አውቀዋለሁ፤ ይቅር ይለኛል። በዚያም ይበልጠኛል።