መሀል የተወለዱት

ልጄ ከሣጥን ውስጥ በቆዳ የተጠረዘ አሮጌ መጽሐፍ አውጥታ ስትሰጠኝ የፍየል ቆዳው ሽታ ወደ አባቴ ወሰደኝ።

አባባ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ለልጆች ቁርአን እያስነበቡ ያስቀሩ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ወንድሜ ከደሴ አንድ ልብ ወለድ አመጣልኝ፤ ገጾቹ ተበታትነዋል። አባባ እንደ ኪታቦቻቸው ሊጠርዙት ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ገጾቹን እያነበብኩ አቀብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይሰፋሉ።

ታሪኩ ወደ ሩቅ ኮከብ ስለምትጓዝ መርከብ ነው። መንገዱ ከመርዘሙ የተነሳ የተሳፈሩት እዚያው አርጅተው ይሞታሉ። ልጆቻቸውም እዚያው ተወልደው እዚያው ይሞታሉ። የሚደርሱት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

አባባ መርፌውን ያዝ አደረጉት።

«ወዴት ዞረው ነው የሚሰግዱ?»

«መጽሐፉ አይልም፣ አባባ።»

«እነዚያ መሀል የተወለዱትስ? መነሻውን አላዩ፣ መድረሻውን አያዩ።» እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ያጽናቸው።»

አሚን እንድል ጠበቁኝ። እኔ ግን ሳቄ መጣ።

«የፈጠራ ታሪክ እኮ ነው!»

እሳቸው አልሳቁም። «እኔም ከአባቴ ተቀብዬ ነው የማስቀራው፤ መነሻውን አላየሁ» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ምን አገናኘው ብዬ ቀጣዩን ገጽ አቀበልኳቸው።

ልጄ በሚቀጥለው ሳምንት ለትምህርት ወደማላውቀው አገር ትሄዳለች። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ታሪኩን ነገርኳት።

«መሀል ያሉት ያሳዝናሉ» አለች።

እጄን ዘርግቼ ያን ቀን ለአባባ ሳልል የቀረሁትን አሚን አልኩ።