ስድስት ዓመት የተዘጋጀች መኪና

ኔቪል ፕራውት በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻ ጠግኖ አያውቅም። አንዲት ብሎን ሊያጠብቅ ይገባል፤ ከብሎኗ አጠገብ ያለችው ቱቦ ያረጀች ትመስለዋለች፤ ቱቦዋን ለማውጣት ራዲያተሩ መነሳት አለበት፤ ራዲያተሩ ሲነሳ ደግሞ «እዚህ ድረስ ከገባሁ አይቀር» ይላል። ስድስት ዓመቱን የበላችበት ይህች «ከገባሁ አይቀር» ናት።

እኔና ኔቪል የምንኖረው ጎን ለጎን ነው። እንጀራው የቤት ማሞቂያ ጥገና ነው፤ መንደራችን ስካልቶርፕ ውስጥ ብርድ በገባ ቁጥር የማይደውልለት ሰው የለም። የሰው ማሞቂያ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ገብቶ፣ የተበላሸውን ለይቶ፣ የቀረበለትን ሻይ ጠጥቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። በሽታው የሚነሳበት የገዛ ጋራዡ ውስጥ ሲገባ ነው። እዚያ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ በ1967 የተሠራች አረንጓዴ ስፖርት መኪና አለች።

«ሲገዛት እኮ ትሄድ ነበር» ትላለች ሚስቱ ግሌንዳ፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም። «እየነዳ ነው ያመጣት። ጋራዡ ውስጥ በገዛ ጎማዋ ነው የገባችው።»

የገዛት ለሜዳ ቀን ነበር። ተወዳዳሪ ያልሆነ ሰው የራሱን መኪና ይዞ የውድድር ሜዳ ላይ የሚነዳበት ቀን ነው፤ ቀዳሚ የለ፣ ሽልማት የለ፣ እስኪበቃው ይዞርና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኔቪል ሰባት ጊዜ ተመዝግቦ ሰባት ጊዜ ሰርዟል። አንዴ የፍሬኑን ሸራ በውድድር መኪና ሸራ ሊቀይር ብሎ ፍሬኑን በሙሉ አወረደው። አንዴ መኪናዋ ዝቅ እንድትል ሞላዎቹን አሳጠረና ከገዛ ግቢው በር ደፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። አንዴ ክብደት ልቀንስ ብሎ ማሞቂያዋን ነቅሎ ጣለው። ማሞቂያ ጠጋኙ፣ የገዛ መኪናውን ማሞቂያ! ግሌንዳ ያን ክረምት ሙሉ ስታወራው የነበረው ይህንኑ ነው።

በየካቲት ግን ማውራቷን ትታ ወሰነች። አንድ የሌስተር ከተማ ሰው መኪናዋን አይቶ ወዷት ነበር፤ ሽጡልኝ እያለ በየሳምንቱ ይደውላል።

«ስማኝ ኔቪል» አለችው፣ አጥሩ ላይ ቆመን ሦስታችንም ስናወራ። «ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይህች መኪና ሜዳ ትገባለች። ስምንተኛ ጊዜ አስመዝግቤሃለሁ። ካልገባች እሑድ ሰውዬው መጥቶ ይወስዳታል።»

«ትገባለች።»

«ካልገባችስ?»

ኔቪል እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ። «ካልገባች ይውሰዳት» አለ።

ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። መጠጥ ቤት አይሄድም፣ ኳስ አያይም፣ ከዚያች መኪና ሌላ የሚወደው ነገር አይቼበት አላውቅም። ጋራዡ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚውጠው ግሌንዳም ታውቃለች። የሚያበግናትም ይህንን ማወቋ ይመስለኛል።

ቅዳሜው በደረሰበት ሳምንት ረቡዕ አለን መጣ። አለን የኔቪል የልጅነት ጓደኛ ነው፤ የመኪና ዓመታዊ ምርመራ የሚሠራ፣ ቀልደኛ የዌልስ ሰው። ከላይ እስከ ታች አያት፣ ሥሯ ገባ፣ ወጣ።

«ጨርሰሃል» አለው። «ወንድሜ፣ በሩን ቆልፍና ቁልፉን ለሚስትህ ስጥ። እስከ ቅዳሜ እጅህን እንዳታስገባ።»

ሐሙስ ከሰዓት የእኛ ቁምሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ኔቪል የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን አውጥቶ በቦታው ባዶ ቧንቧ ገጥሞ ነበር። ለምን አልኩት። ማርሚታው ከባድ ነው አለኝ። የላላ ማሰሪያ ሊያጠብቅ ገብቶ ነበር፤ እዚያ ድረስ ከገባ ደግሞ አይቀር።

ቅዳሜ ጠዋት ያካፋ ነበር። ኔቪል መኪናዋን እየነዳ ከፊት፣ እኔ፣ ግሌንዳና አለን በሥራ መኪናው ከኋላ፤ መፍቻ፣ ክሪክ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ አይብና ኮምጣጣ አትክልት የገባበት ሳንድዊች። ሜዳው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። እዚያ ለመንዳት ሁለት ነገር ግድ ነው፦ የጠዋቱን ማብራሪያ ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው እጁ ላይ ብርቱካናማ ማሰሪያ ይደረግለታል፤ የድምፅ ፈተና ያለፈች መኪና ደግሞ መስተዋቷ ላይ ምልክት ይለጠፍባታል። የድምፁን ፈተና ያመጡት የሜዳው ጎረቤቶች ናቸው። የመኪና ሜዳ አጠገብ ቤት ገዝተው ሲያበቁ መኪና ጮኸብን ይላሉ።

ፈታኙ ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ነው። መለኪያውን ከቧንቧው ጀርባ ተከለ።

«አስጩኻት» አለ። ኔቪል ረገጣት። «በቃ! በቃ ጌታዬ! መቶ አራት።»

«ገደቡ ስንት ነው?»

«ዘጠና ስምንት። የተላከልህ ወረቀት ላይ ተጽፏል።»

«ማርሚታዋን ያወጣሁት ሐሙስ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ዓርብ መመለስ ነበረብሃ» አለና ቀጣዩን ጠራ።

«ሐሙስ?» አለ አለን። «እኔ ረቡዕ አይደል እንዴ ጨርሰሃል ያልኩህ? አንተ ሰው፣ አንድ ቀን! አንድ ቀን መቀመጥ አቅቶህ?»

ኔቪል መኪናዋ ሥር ገብቶ ነበር። በደቂቃ ውስጥ የማናውቃቸው ሰዎች ከበቡን። የዚህ ቦታ ሰው የራሱን መኪና ትቶ የሌላውን ብልሽት ማየት ይወዳል። አንዱ ቁራጭ ቧንቧ ይዞ መጣ፣ ሌላው ሽቦ፣ ሦስተኛው ምንም ሳይዝ ምክር። መላውን የዘየደችው ግሌንዳ ነች፤ ከምሳው ዘንቢል ውስጥ ስድስት የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አወጣች።

«እስቲ ይህን ወትፉበት» አለች። «ቤትም ቢሆን ከዕቃ ማጠብ በስተቀር ሁሉን ነገር ይሠራበታል።»

ሲወትፉ ድምፅ ማጉያው ለማብራሪያ ጠራ።

«ኔቪል፣ ተነስ እንሂድ!»

«አንቺ ሂጂ፣ መጣሁ።»

ምዝገባው ሁለት ነጂ ስለሚፈቅድ ግሌንዳ የራሷንም ስም አስገብታ ነበር፤ ቦታው ባዶ ከሚቀር ብላ። አዳራሹ ይሞቃል ተብላም ሄደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብርቱካናማ ማሰሪያ እጇ ላይ አስራ ስትመለስ ኔቪል ከነበረበት አልተነቃነቀም። ደግነቱ ለዘገዩ ሰዎች እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛ ማብራሪያ አለ።

አምስት ሰዓት ላይ መኪናዋ ድጋሚ ተለካች። ዘጠና ስምንት፤ ነጥብ አልቀነሰች አልጨመረች። አለን ውሃ ያቆረው አስፋልት ላይ ጨፈረ። ምልክቱ ተለጠፈ። የቀረው አንድ ሰዓት መቀመጥ ብቻ ነበር።

«ይኸው ወንበር፣ ይኸው ሳንድዊች» አለችው ግሌንዳ። «ብላ። ምንም አትንካ።»

በላ። እየበላ ግን ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

«ዘይት ታንጠባጥባለች።»

«እነዚህ መኪናዎች አዲስ እያሉም ያንጠባጥቡ ነበር» አለ አለን። «ማንጠባጠብ ካቆመች ያኔ ደንግጥ፤ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው።»

ኔቪል ሳቀ፤ እኛም ሲስቅ አይተን ተዘናጋን። ግሌንዳ መጸዳጃ ሄደች፤ አለን የሌላ ሰው ሞተር ሊያይ፤ እኔ ቡና ፍለጋ። ስመለስ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ከመኪናዋ ሥር ሁለት ጫማ ወጥቷል።

«ኔቪል! አልጠሩም እንዴ?»

«ጠርተዋል» አለ ከሥር። «አንዲት ብሎን ነች የቀረችኝ።»

ሮጠን ወደ ማብራሪያው አዳራሽ ሄድን። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ይዛ የተቀመጠችው ሴት ወረቀቶቿን ሰብስባ ነበር።

«ሦስተኛ ማብራሪያ የለም ጌታዬ። አዝናለሁ።»

«ስድስት ዓመት ነው የተዘጋጀሁት።»

«እኛ ካንተ የፈለግነው ሃያ ደቂቃ ነበር» አለችው። ስትናገር ክፋት አልነበረባትም፤ ለዚህም ነው የከፋው።

ኔቪል ተመልሶ የመፍቻ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው እየደረቀ ነበር፤ ሌሎች መኪናዎች በአጥሩ ማዶ እየጮኹ ያልፋሉ። ግሌንዳ መጥታ ፊቱን አየችና ማንም ሳይነግራት ገባት።

«ለሰውዬው ደውዪለት» አላት። «ነገ ይምጣ።»

እጮህበታለሁ ብላ የመጣች ሴት መጮኋን ትታ እጆቹን አየች። እሱ እንደሚያለቅስ ሰው አልነበረም፤ ጨርቁን አጣጥፎ ሣጥኑ ውስጥ እያስገባ ነበር። ሥራ ጨርሶ ከሰው ቤት ሲወጣ እንደሚያደርገው።

«ተነስ» አለችው። «ሄልሜቱን አምጣ።»

«ለማን?»

«ለእኔ። ማሰሪያ ያለኝ እኔ አይደለሁ? አንተ እንደ ተሳፋሪ ፈርምና ጎኔ ተቀመጥ።»

«ግሌንዳ፣ ፍሬኗ እስኪሞቅ አይዝም። ካምቢዮዋም ሁለተኛው…»

«የመጀመሪያው ዙር ቀስ ተብሎ ነው የሚነዳው፤ ፍሬንና ጎማ እንዲሞቅ። ማብራሪያው ላይ ነገሩን። አንተ አልነበርክም።»

የመጀመሪያውን ዙር ሱቅ እንደምትሄድ ሰው ነዳችው። ሁሉም ቀደሟት። በሁለተኛው ዙር የሚቀድሟት ቀነሱ። በአራተኛው ከመጨረሻው ኩርባ ወጥታ ረጅሙን ቀጥታ መንገድ ስትይዝ፣ ያ በዕቃ ማጠቢያ የታፈነ ሞተር ከደረቱ ሲዘፍን ሰማነው፤ አለን ቆቡን አወለቀ። ኔቪል በሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን አፍጥጦ አለፈ። እጁ ላይ መፍቻ ሳይኖር ያየሁት ያኔ ነው።

ገብተው ቆሙ። ግሌንዳ ሄልሜቱን አወለቀች፤ ፀጉሯ ራሷ ላይ ተለጥፎ፣ ጉንጯ ቀልቶ። ኔቪል ወርዶ ወደ መኪናዋ ሆድ ጎንበስ ማለት ጀመረ።

«ኔቪል! ጉልበትህ መሬት ከነካ አሁኑኑ እደውላለሁ!»

ግማሽ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቃና።

«እንዴት ነበረች?» አላት።

በስድስት ዓመት ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ግሌንዳም ጥያቄው አዘናጋት።

«ታምራለች» አለችው። «እውነቴን ነው፣ ታምራለች። ትንሽ ወደ ግራ ትስባለች እንጂ…»

አፏን በእጇ ያዘች። አለን ፊቱን አዞረ።

«ምን ያህል ትስባለች?» አለ ኔቪል።

«ምንም አላልኩም።»

«ወደ ግራ ብለሻል።»

«አፌን በቆረጠው!»

እሑድ የሌስተሩ ሰውዬ፣ አትምጣ ያለው ስለሌለ፣ መጎተቻ ጋሪውን ይዞ በሰዓቱ መጣ። ግሌንዳ በር ላይ ተቀበለችው።

«ይቅርታ፣ ያለ ነገር አለፋንህ። አትሸጥም። በሰኔ እኔ እነዳታለሁ፤ ተመዝግቤያለሁ።»

«ከመጣሁ ላይቀር» አለ ሰውዬው፣ «አንዴ ልያት?»

ግሌንዳ ወደ ጋራዡ ዞር አለች። የፊት ጎማዎቹ ወልቀው፣ መሪው ተነቅሎ፣ ኮፈኗ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር፤ ራዲያተሩም መሬት ላይ ነው።

«አይቻልም» አለችውና በሩን ዘጋችበት። ከዚያ በጓሮ በር ወጥታ ስትጮህ መንደሩ ሁሉ ሰማ፦

«መሪዋን ብቻ ነው ያልኩህ! ኔቪል! መሪዋን ብቻ!»